ሳይቃጠል በሬዚስተር፦ ስለ ኤልኢዲ ባትሪ ተረትና እውነታ

በእኛ አነጋገር «ባትሪ» የእጅ መብራቱም፣ ለመብራቱ ኃይል የሚሰጠው ነገርም ስም ነው። እንዳይምታታ፣ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ባትሪ የምለው የእጅ መብራቱን ነው፤ ውስጡ የሚገባውን ድንጋይ እለዋለሁ።

የራስን ባትሪ ለመሥራት የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ድንጋይ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሽቦ፣ ኤልኢዲ፣ እና ከሁሉም የምታንሰው ሬዚስተር። ብዙ የተሳሳተ ነገር የሚወራው ግን ስለዚህችው ትንሽ ዕቃ ነው። የተቃጠለ ኤልኢዲ በእጁ ይዞ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብሎ ሥራውን የተወ ልጅ አይቻለሁ። የጎደለው ተሰጥኦ አልነበረም፤ አንዲት አጭር ስሌት ነበረች።

ተረት፦ «ኤልኢዲው ባለ 3 ቮልት ነው፤ ሁለት ድንጋይም 3 ቮልት ነው። ሬዚስተር ለምኔ?»

እውነታ፦ ይህ ሐሳብ ከድሮው ባለ ክር አምፖል የተወረሰ ነው። የአምፖሉ ክር ሲግል ከረንትን የመቋቋም አቅሙ ይጨምራል፤ ስለዚህ ራሱን በራሱ ይገታል። ኤልኢዲ ይህ ልጓም የለውም። ቮልቱ የተወሰነ ደረጃ እስኪደርስ ከረንት አያሳልፍም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ቮልቱ ጥቂት ከፍ ሲል ከረንቱ በብዙ እጥፍ ይዘላል። ሲሞቅ ደግሞ የሚፈልገው ቮልት ዝቅ ስለሚል የበለጠ ከረንት ይስባል፤ የበለጠ ሲስብ የበለጠ ይሞቃል። ልጓም የሚሆንለት ሬዚስተሩ ነው።

«ባለ 3 ቮልት» የሚባለውም ለሁሉም አይሠራም። ቀይ ኤልኢዲ ወደ 2 ቮልት ገደማ ሲፈልግ፣ ነጩ ከ3 እስከ 3.4 ቮልት ይፈልጋል። ነጭ የምንለው በእርግጥ ቢጫ ዱቄት የተቀባ ሰማያዊ ኤልኢዲ ነው። ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙት ይህን ሰማያዊ ብርሃን በማስገኘታቸው ነው። ሁለቱ ኤልኢዲዎች ያለ ሬዚስተር በሁለት ድንጋይ ላይ ለየብቻ ሲታሰሩ ነጩ ደብዝዞ ሊበራ ይችላል፤ ቀዩ ግን ይቃጠላል። ድንጋዩ ሦስት ሲሆን ነጩም አይተርፍም።

በቁልፍ መያዣ ላይ የምትንጠለጠለው ትንሽ መብራት ያለ ሬዚስተር ስትሠራ ያየ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። እርሷን የሚያድናት ሳንቲም የምታክለው ድንጋይ በውስጧ ያላት ከረንትን የመቋቋም አቅም ነው። ትልልቁ ድንጋይ እንዲህ አይቆጥብም።

ተረት፦ «ሬዚስተር መምረጥ የኢንጂነር ሥራ ነው»

እውነታ፦ ጆርጅ ሳይመን ኦም በ1827 ያሳተመው ሕግ ለዚህ ይበቃል። ከድንጋዩ ቮልት የኤልኢዲውን ቮልት እንቀንሳለን፤ የቀረውን በምንፈልገው ከረንት እናካፍላለን፤ የሚወጣው የሬዚስተሩ መጠን በኦም ነው። የተለመደችው ባለ 5 ሚሊ ሜትር ኤልኢዲ በአብዛኛው የምትችለው እስከ 20 ሚሊ አምፔር፣ ማለትም 0.02 አምፔር ነው።

ሦስት ድንጋይና አንድ ነጭ ኤልኢዲ አሉን እንበል። በድንጋዩ ላይ የተጻፈው 1.5 ቮልት ቢሆንም አዲስ አልካላይን ድንጋይ እስከ 1.6 ድረስ ሊኖረው ስለሚችል፣ ሦስቱ 4.8 ቮልት ይሆናሉ። ከ4.8 ላይ 3.2 ሲቀነስ 1.6 ይቀራል፤ 1.6 ለ0.02 ሲካፈል 80 ኦም ይሆናል። በገበያ ላይ ካሉት የሚቀርበው 82 ኦም ነው። ሁልጊዜ በድንጋዩ ሙሉ ቮልት ማስላት ተገቢ ነው፤ ኤልኢዲ የሚቃጠለው ድንጋዩ አዲስ በሆነበት ቀን ነውና።

ተረት፦ «ሬዚስተር ድንጋይ ይጨርሳል፤ ብርሃንም ይቀማል»

እውነታ፦ ሬዚስተር ከድንጋዩ የሚወጣውን ከረንት ስለሚቀንስ የድንጋዩን ዕድሜ ያረዝማል። ብርሃኑም የሚፈራውን ያህል አይጎዳም። ከረንቱ ከ20 ወደ 10 ሚሊ አምፔር ቢወርድ ዓይናችን የብርሃኑን መቀነስ በግማሽ አይቆጥረውም፤ ድንጋዩ ግን እጥፍ ያህል ይቆያል። ሌሊቱን ሙሉ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በተረቱ ውስጥ ያለችውን እውነት ግን መካድ አይገባም፤ ሬዚስተር የተወሰነ ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጣል። የብክነቱ መጠን በድንጋዩ ምርጫ ይወሰናል። በሦስቱ ድንጋይ ላይ በተጻፈው 4.5 ቮልት ለአንድ ነጭ ኤልኢዲ የሚባክነው 29 በመቶ ገደማ ነው። «ቮልቱ ከፍ ካለ ይሻላል» ብለን ባለ 9 ቮልቱን አራት ማዕዘን ድንጋይ ብንወስድ 64 በመቶው በሬዚስተሩ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ያ ድንጋይ ካለን ሁለት ነጭ ኤልኢዲ በተከታታይ አስረን 180 ኦም ብንጨምር ብክነቱ ወደ 29 በመቶ ይመለሳል፤ በዚያው ከረንት ሁለት መብራት እናገኛለን።

ተረት፦ «ኤልኢዲዎቹ ጎን ለጎን ከታሰሩ አንድ ሬዚስተር ለሁሉም ይበቃል»

እውነታ፦ ከአንድ ፋብሪካ አብረው የወጡ ኤልኢዲዎች እንኳ የሚፈልጉት ቮልት በጥቂቱ ይለያያል። ጎን ለጎን ሲታሰሩ ዝቅ ያለ ቮልት የሚፈልገው የሌሎቹን ድርሻ ይወስዳል፤ ይሞቃል፤ ሲሞቅም ይብስበታል። እርሱ ሲሞት ድርሻው ወደ ቀሩት ይዞርና እነርሱም በየተራ ይከተሉታል። ብዙ ዓይን ያለው ርካሽ ባትሪ ዓይኖቹ አንድ በአንድ የሚጠፉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ኤልኢዲ የራሱን ሬዚስተር መስጠት ከሁሉም ርካሹ መድኃኒት ነው።

ተረት፦ «ትልቅ ሬዚስተር ብዙ ኦም አለው»

እውነታ፦ ትልቅነቱ የሚናገረው ስንት ዋት ሙቀት እንደሚችል ነው። ኦሙን የሚናገሩት ቀለሞቹ ናቸው፤ ጥቁር 0፣ ቡናማ 1፣ ቀይ 2፣ ብርቱካናማ 3፣ ቢጫ 4፣ አረንጓዴ 5፣ ሰማያዊ 6፣ ወይን ጠጅ 7፣ ግራጫ 8፣ ነጭ 9። አራት ቀለበት ባለው ሬዚስተር የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አኃዝ ናቸው፤ ሦስተኛው ስንት ዜሮ እንደሚከተል ይነግረናል። መጨረሻ ላይ ያለው ወርቃማ ቀለበት ስህተቱ ከ5 በመቶ እንደማይበልጥ ያመለክታል። ግራጫ፣ ቀይ፣ ጥቁር 82 ኦም ነው፤ ጥቁሩን ቡናማ ብሎ ያነበበ ግን 820 ኦም ነው ብሎ ይወስደዋል። አምስት ቀለበት ካለው የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አኃዝ ናቸው። ቀለም በሌላቸው ጠፍጣፋ ትንንሾች ላይም «820» የሚለው 82 ኦም ማለት ነው፤ የመጨረሻዋ 0 «ዜሮ አልተጨመረም» ትላለች።

በእኛ ስሌት ሬዚስተሩ ላይ የሚያርፈው 0.03 ዋት ገደማ ስለሆነ የተለመደው ሩብ ዋት ከበቂ በላይ ነው። ባለ 1 ዋት ኤልኢዲ ግን ሌላ ነው። 350 ሚሊ አምፔር ይፈልጋል። ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ባለው የሊቲየም ድንጋይ ላይ 3.3 ኦም ብናስርለት ሬዚስተሩ ወደ 0.3 ዋት ይሸከማል። ሩብ ዋቱ ስለማይችለው ባለ 1 ዋት ሬዚስተር ያስፈልጋል፤ ኤልኢዲውም ሙቀቱን የሚያስተነፍስበት አሉሚኒየም ይፈልጋል።

ተረት፦ «ትክክለኛው ቁጥር ካልተገኘ ሥራው ይቁም»

እውነታ፦ ሬዚስተር በየቁጥሩ አይመረትም። በጣም የተለመደው ተከታታይ 10፣ 12፣ 15፣ 18፣ 22፣ 27፣ 33፣ 39፣ 47፣ 56፣ 68፣ 82 እያለ፣ ከዚያም በአሥር እጥፍ ይቀጥላል። ስሌቱ በመካከል ከወደቀ ወደ ላይ ያለውን መውሰድ ነው። 82 ከጠፋ 47ና 33ን በተከታታይ ብናስር 80 ይሆናል፤ 150ና 180ን ጎን ለጎን ብናስር 82 ገደማ ይወጣል።

ሱቅ ባይኖርም ሬዚስተር አይታጣም። የሬዲዮ ጠጋኝ የጣለው ሰሌዳ፣ ከመርካቶ ምን አለሽ ተራ የተገኘ አሮጌ ቴፕ ሞልቶታል። አሮጌ የካርቦን ሬዚስተር ግን ከተጻፈበት ቁጥር ሊርቅ ስለሚችል በቴስተር ይለካ። ሰሌዳው ላይ እንዳለ ከተለካ ከረንቱ ሌላ መንገድ ስለሚያገኝ ንባቡ ያሳስታል፤ ቢያንስ አንድ እግሩ ይነቀል። ቀጥታ ከግድግዳ መብራት የሚሠሩትን፣ ማለትም የቴሌቪዥን፣ የቻርጀርና የቆጣቢ አምፖል ሰሌዳን ጀማሪ ባይነካ ይመረጣል። ከተነቀሉ በኋላም በውስጣቸው የሚቀረው ኃይል ሰው ሊጎዳ ይችላል። በድንጋይ ከሚሠራ ሬዲዮ መጀመር ይሻላል።

ተረት፦ «ሬዚስተር የሚታሰረው በፖዘቲቭ በኩል ብቻ ነው»

እውነታ፦ በአንድ መስመር ላይ ከረንቱ በሁሉም ቦታ እኩል ስለሆነ በየትኛውም በኩል ይሠራል፤ ሬዚስተርም ፊትና ኋላ የለውም። ፊትና ኋላ ያለው ኤልኢዲው ነው፤ ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለትንሽ ጥንቃቄ ነው። በዚህ ሥራ ቅጠሏ ሬዚስተር ናት። ከመበየድ በፊት የድንጋዩን ሙሉ ቮልት፣ የኤልኢዲውን ቮልትና የምንፈልገውን ከረንት በወረቀት ላይ እንጻፍ። ያ ልጅ ሦስቱን ቁጥሮች ቢጽፍ ኖሮ በእጁ የሚይዘው የሚበራ ባትሪ በሆነ ነበር።