ወጥ የምዕራፍ ዕቅድ ለአቅም ማሻሻያ ተማሪዎች ያለው ፋይዳ

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። ይህንኑ ተከትሎ ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም አስጀምሯል።

በወቅቱ ተማሪዎቹ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ከመጀመራቸው በፊት በተመደቡባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ለአራት ወራት እንዲማሩ፣ ከውጤታቸውም 30 በመቶው በዩኒቨርሲቲው ምዘና፣ 70 በመቶው በማዕከል በሚዘጋጅ ፈተና እንዲያዝ ተደርጓል።

የወጥ ዕቅድ አስፈላጊነት የሚመነጨውም ከዚሁ ነው። በወገራ ወረዳ አምባ ጊዮርጊስ ከተማ አብረው ከተማሩ ሁለት ወጣቶች አንዱ ጎንደር፣ ሌላው ጅማ ሊመደቡ ይችላሉ። የአንደኛው መምህር በሒሳብ የመጀመሪያ ምዕራፎች ላይ ቆይቶ የመጨረሻዎቹን ሳይሸፍን ቢቀር፣ ተማሪው ያልተማረውን ይፈተናል፤ የዩኒቨርሲቲው በርም በጥረቱ ማነስ ሳይሆን በዕቅድ ጉድለት ይዘጋበታል።

በመሆኑም ዕቅዱ የእያንዳንዱን ምዕራፍ ዓላማ፣ ይዘት፣ ክፍለ ጊዜና ምዘና ለይቶ ማስቀመጥ ይኖርበታል። የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች አፈጻጸሙን በየሳምንቱ ከዕቅዱ ጋር ቢያነጻጽሩ የዘገየውን ሳይረፍድ በማካካሻ ክፍለ ጊዜ ለማሟላት ያስችላል።

ይህም የመምህሩን ነጻነት አይነካም፤ ወጥ የሚሆነው ይዘቱና ጊዜው እንጂ አቀራረቡ አይደለምና።