ጎማ፣ ሞላና መሬት መያዝ፦ የመኪናን ምቾትና አነዳድ ስለማሻሻል

ወደ ጋራዥ ከሚቀርቡ ቅሬታዎች ሁለቱ በጣም የተለመዱ ናቸው፦ «መኪናዋ ትጎረብጣለች» እና «መሬት አትይዝም»። የመጀመሪያው የምቾት፣ ሁለተኛው የደኅንነት ጥያቄ ነው። ለስላሳ ሞላ ጉድጓዱን ያለዝባል፤ መታጠፊያ ላይ ግን ቦዲው እንዲያጋድል ያደርጋል። ጠጣር ሞላ ማጋደሉን ይቀንሳል፤ እያንዳንዱን ጠጠር ግን ወደ ወገብ ያደርሰዋል። አዲስ ጎማና አዲስ ሞላ ሁለቱንም ቅሬታዎች ሊያቃልሉ የሚችሉት በልካቸውና በቅደም ተከተላቸው ሲገጠሙ ነው።

ሁለቱም ዕቃዎች ከመኪና በፊት ነበሩ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1804 እንግሊዛዊው ኦባዲያ ኤሊየት ለሠረገላ የሚሆን ባሌስትራ በስሙ አስመዘገበ። በ1845 ሮበርት ቶምሰን አየር የሚሞላ ጎማ ፈለሰፈ፤ የሚፈልገው ግን አልነበረም። በ1888 ቤልፋስት ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ዳንሎፕ ለልጁ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ሲል ያንኑ ሐሳብ እንደገና ፈጠረውና ዓለም ተቀበለው። በ1946 ሚሽሊን የራዲያል ጎማን ፓተንት ጠየቀ፤ ዛሬ የቤት መኪና ሁሉ ማለት ይቻላል የሚሄደው በራዲያል ነው። በ1930ዎቹ ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ሞሪስ ኦሊ የፊት ሞላ ከኋላው ለስለስ ማለት እንዳለበት አሳየ። ጉድጓዱን ቀድሞ የሚያገኘው የፊት እግር ስለሆነ፣ ኋላ ዘግይቶ የተነሣው ግን ፈጥኖ የሚወዛወዘው የኋላ ክፍል ይደርስበታል፤ መኪናው ወደፊትና ወደኋላ መናጡንም ያቆማል።

መኪናውን ከመሬት ጋር የሚያገናኙት አራት ጎማዎች ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱም መሬት የሚነካው የእጅ መዳፍ በሚያህል ስፋት ነው። ፍሬንም መሪም የሚሠሩት በዚያች ቦታ በኩል ስለሆነ ማሻሻል የሚጀመረው ከጎማ ነው። በጎኑ የተጻፈው ብዙ ይናገራል። 175/65R14 82T ሲል ስፋቱ 175 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 65 በመቶ፣ ቸርኬው 14 ኢንች ነው ማለት ነው፤ 82 ቁጥር አንዱ ጎማ 475 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም፣ T ደግሞ እስከ 190 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንደሚችል ያመለክታል። ይህን ጎማ በ185/55R15 ብንለውጠው ጠቅላላ ቁመቱ ብዙም አይለወጥም፤ የጎማው ጎን ግን ከ114 ወደ 102 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። መሪው ፈጥኖ ይታዘዛል፤ በኮብልስቶንና በጉድጓድ መንገድ ላይ ግን የሚጎረብጠው ያው 12 ሚሊ ሜትር ያጣው ጎማ ነው፤ ቸርኬም በቀላሉ ይጎብጣል። መንገዱ ለሚያስቸግረው ሰው ጎኑ ከፍ ያለ ጎማ ይሻለዋል።

ያገለገለ ጎማ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ብቻ አይቶ አይርካ። በጎኑ ካለው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት በአውሮፓ አቆጣጠር የ2019 ዓመት 23ኛ ሳምንት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም በዕድሜ ብዛት ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ የገዛም ከኋላ እንዲያስገጥማቸው ይመከራል፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ የኋላው እግር ከተንሸራተተ መኪናውን መመለስ ከባድ ነውና።

ሞላን በተመለከተ ዋናው ቁም ነገር የሽቦው ውፍረት ነው። የመጠምጠሚያ ሞላ ጥንካሬ በሽቦው ውፍረት አራተኛ ኃይል ስለሚያድግ፣ በ10 በመቶ የወፈረ ሽቦ ሞላውን በ46 በመቶ ገደማ ያጠጥረዋል። ጥምጥሙን መቁረጥም መኪናውን ዝቅ ከማድረጉ ሌላ ሞላውን ያጠጥረዋል። መኪና ከፍ እንዲል ከሞላው ላይ የሚገባው ላስቲክ ወይም ብረት ደግሞ የሞላውን ጥንካሬ አይለውጥም፤ የክብደቱን ማዕከል ያነሣል፣ አላይመንቱን ያዛባል፣ የአክስሉን አቀማመጥ ያጣምማል። የመሬት ከፍታ የግድ ከሆነ ለዚያው መኪና ሞዴል የተሠራ ሞላና ሾክ አብዞርበር አንድ ላይ ማስገጠም ይሻላል።

ሞላ ጉልበቱን ያጠራቅማል እንጂ አያጠፋውም፤ ወደ ሙቀት ለውጦ የሚያጠፋው ሾክ አብዞርበር ነው። የቤት መኪና ቦዲ በሴኮንድ ከ1 እስከ 1.5 ጊዜ ያህል ሲወዛወዝ ምቹ ነው፤ ጎማው ራሱ ግን በሴኮንድ ከ10 ጊዜ በላይ ሊነጥር ይችላል። ሾኩ ሲያረጅ ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ይመለሳል፤ ፍሬን የሚይዝበት ርቀትም ይረዝማል። በአዲስ ሞላ ላይ ያረጀ ሾክ መተው እንግዲህ የገንዘብ ብክነት ነው። ሁለቱም በቀኝና በግራ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይለወጣሉ።

በጭነት መኪኖች ላይ የተለመደው ባሌስትራ መጨመር ሌላ ችግር አለው። ከባድ ጭነት ሲጫን መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ፍሬኑ፣ አክስሉና ጎማው ግን ከተሠሩበት አቅም በላይ መሸከም አይችሉም። ባዶውን ሲመለስ ደግሞ ይነጥራል። ዓባይ በረሃን በመሰለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ይህ ትርፍ ጭነት የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ኢትዮጵያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካገደች በኋላ የኤሌክትሪክ መኪና በጎዳናው በዝቷል። ባትሪው ስለሚከብድ እንደ ፎልክስቫገን አይዲ.4 ያለው ከሁለት ቶን በላይ ይመዝናል፤ ሞተሩም ኃይሉን በአንድ ጊዜ ስለሚለቅ ጎማው ቶሎ ያልቃል። ለነዚህ የሚገዛ ጎማ የመሸከም ቁጥሩ ፋብሪካው ካዘዘው ማነስ የለበትም።

ስለዚህ ገንዘቡን ከማውጣትዎ በፊት ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። በመጀመሪያ መኪናው ሳይነዳ በጠዋት የጎማውን አየር ይለኩ፤ ልኩ አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በር አጠገብ ተለጥፏል። ቀጥሎ ጎሚኒዎችንና ቦል ጆይንቶችን ያስፈትሹ። ከዚያ ጎማ፣ ከዚያ ሾክ አብዞርበርና ሞላ በጋራ፣ በመጨረሻም አላይመንትና ባላንስ። ይህን ተከትለው ሲሠሩ ምቾቱንም ደኅንነቱንም ያገኛሉ፤ ካልተከተሉት ግን ቅሬታዎን ይዘው እንደገና ጋራዥ ይመለሳሉ።