«ወርቅ ነው!» «የለም፣ ብር ነው!»

በመርከዝ ክሊታ ግቢ ውስጥ የሩጫና የኳስ ወሬ ቶሎ ይዳረሳል። ልጅ ከትምህርት ቤት በዕብራይስጥ የሰማውን ይዞ ይመጣል፤ አባት በስልኩ የደረሰውን ያክልበታል፤ ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል። አንዳንዱ በሳቅ ያልቃል። አንዳንዱ ግን ልጅ «አባቴ ምንም አያውቅም» እስከሚል ይደርሳል፤ ይህ ደግሞ ለእኛ ለማኅበራዊ ሠራተኞች ቀላል ነገር አይደለም።

በኦገስት 2022 በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ የተደረገውን የአውሮፓ ሻምፒዮና እንመልከት። በወንዶች ማራቶን ትውልዱ ኢትዮጵያ የሆነው የእስራኤሉ ሯጭ ማሩ ተፈሪ በ2 ሰከንድ ብቻ ተቀድሞ ብር አገኘ፤ ጋሻው አያሌም ነሐስ ወሰደ። በዚያው ሩጫ የሦስት ሯጮች ሰዓት ተደምሮ እስራኤል በቡድን ወርቅ ተሸለመች። እንግዲህ ልጁ «ወርቅ»፣ አባትየው «ብር» ቢሉ ሁለቱም የሰሙት እውነት ነው። የቀረው «በግል ነው ወይስ በቡድን?» ብሎ መጠየቅ ነበር።

ቀኑንም መጠየቅ ያስፈልጋል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በኖቬምበር 7 ቀን 2010 በኒውዮርክ ማራቶን ጉልበቱን አሞት አቋረጠ፤ ለጋዜጠኞችም ሩጫ ማቆሙን ነገራቸው። ከራሱ አፍ የወጣ ዜና ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር አለ? ሆኖም በዚያው ወር ሐሳቡን ለወጠ፤ በ2011 በቪየና ግማሽ ማራቶን አሸነፈ፤ ከውድድር የተሰናበተው በሜይ 2015 በማንቸስተር ነው። በመካከሉ «ኃይሌ አቁሟል» እያለ ያወራ ሰው ውሸታም አይባልም፤ ያቀረበው ግን የሰነበተ እንጀራ ነው።

እስካሁን ያልነው ቢበዛ ኩርፊያ ያመጣል። ገንዘብ ሲገባበት ግን ነገሩ ይከፋል። አንድ አባት «የታወቀ ክለብ ወጣቶችን ይመርጣል፤ አስቀድማችሁ ክፈሉ» የሚል የስልክ መልእክት ይዘው ወደ እኛ መጡ። ከመልእክቱ ሥር የክለቡ ዓርማ እንጂ የላኪው ስም የለም። ወደ ክለቡ ራሱ ደወልን፤ እንዲህ ያለ ምርጫ የለም አሉን። ገንዘቡ ተረፈ። ልጁ ግን ጫማውን አጽድቶ ቀኑን ሲቆጥር ሰንብቶ ነበርና፣ ለእርሱ መንገሩ ለአባቱም ለእኛም ከበደን።

እንዲህ ያለ መልእክት የደረሳችሁ ወላጆች፣ በመልእክቱ ላይ ባለው ቁጥር አትደውሉ። ቁጥሩን ከመትናስ ወይም ከኢሪያው የስፖርት ክፍል ጠይቁ። ዕብራይስጡ ከከበዳችሁም ወደ ቢሮአችን አምጡት፤ ልጁም አብሮ ይምጣ፤ አንድ ላይ እናነበዋለን።