ኔትወርክ ሲቋረጥ የሥራ ዕቅድ እንዳይቋረጥ

የመስኖ ቦይ የሚጠረግበት ሳምንት ነው እንበል። የውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበሩ ጸሐፊ የትኛው ቡድን በየትኛው ቀን ለሥራ እንደሚወጣ ለማየት ኮምፒውተሩን ይከፍታል። የሥራ ዝርዝሩ የተቀመጠው ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ኔትወርኩ ግን ተቋርጧል። አባላቱ አካፋና ዶማቸውን ይዘው ደጅ ቆመዋል። ዕቅዱ አለ፤ ሊነበብ ግን አልቻለም።

እንዲህ ያለው ችግር በኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ በግብርና ጽሕፈት ቤቶችና በከተማ በሚገኙ አነስተኛ ድርጅቶችም ሊያጋጥም ይችላል። መፍትሔው ሁልጊዜ የተሻለ ኔትወርክ መጠበቅ ብቻ አይደለም። የሥራ ዕቅዱን በድረ ገጽ መክፈቻ (ብሮውዘር) ከማየት ይልቅ ኮምፒውተሩ ላይ በተጫነ ፕሮግራም መምራት አንዱ አማራጭ ነው። ነገር ግን ይህ አማራጭ የራሱ ጥንቃቄዎች አሉት።

የሥራ ዕቅድ መምሪያ ፕሮግራም ምን ይሠራል?

ፕሮግራሙ አንድን ትልቅ ሥራ በትናንሽ ተግባራት ይከፋፍላል። እያንዳንዱ ተግባር መቼ እንደሚጀመር፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ማን እንደሚሠራውና የትኛው ተግባር መቅደም እንዳለበት ይመዘግባል። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ይህንን በአግድም መስመሮች በተሠራ ሰንጠረዥ ያሳያሉ። ሰንጠረዡ “የጋንት ሰንጠረዥ” ይባላል፤ ስሙንም ያገኘው ከአሜሪካዊው መሐንዲስ ከሄንሪ ጋንት ነው።

የበጋ መስኖ ስንዴን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ቦዩ ሳይጠረግ ውኃ ማሳው አይደርስም። ማሳው ሳይታረስና ሳይለሰልስ ዘር አይዘራም። ዩሪያ የሚጨመርበት ጊዜም ከዘሩበት ቀን ተነሥቶ ይቆጠራል። የቦይ ጠረጋው በአንድ ሳምንት ቢዘገይ ዘሩም፣ ማዳበሪያውም፣ አጨዳውም አብረው ይገፋሉ። የአጨዳው መግፋት ደግሞ የደረሰን እህል ለዝናብ ሊያጋልጥ ይችላል። ተግባራቱ በፕሮግራሙ ላይ እርስ በርስ ከተያያዙ አንዱን ቀን ብቻ በመቀየር የሌሎቹ ለውጥ ወዲያውኑ ይታያል። ጸሐፊው በእጁ ሲደምርና ሲቀንስ ሊሳሳት የሚችለው እዚህ ላይ ነው።

በብሮውዘር የሚከፈተውና የሚጫነው በምን ይለያያሉ?

በብሮውዘር በሚሠራው አማራጭ መረጃው የሚቀመጠው የአገልግሎቱ ባለቤት በኾነው ድርጅት ኮምፒውተር ላይ ነው። ተጠቃሚው ገጹን በከፈተ ቁጥር መረጃው በኢንተርኔት ይመላለሳል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ በተለያየ ቦታ ያሉ ሰዎች አንድን ዕቅድ በአንድ ጊዜ ሊያዩና ሊያስተካክሉ ይችላሉ። የቢሮው ኮምፒውተር ቢበላሽም መረጃው አይጠፋም። ጉዳቱ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራውም መቆሙ ነው።

በሚጫነው አማራጭ ፕሮግራሙም ኾነ የዕቅዱ ፋይል የሚቀመጡት ኮምፒውተሩ ላይ ነው። የመጫኛ ፋይሉ ኢንተርኔት ባለበት ከተማ አንድ ጊዜ ከወረደ በፍላሽ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሊወሰድ ይችላል። ከዚያ በኋላ ዕቅዱን ለመክፈት የኢንተርኔት ካርድ አያስፈልግም። ላፕቶፕ ከኾነ ደግሞ መብራት ቢጠፋም ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ሥራው ይቀጥላል።

የተጫነ ሁሉ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ማለት አይደለም

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በኮምፒውተር ላይ ከሚጫኑ መተግበሪያዎች ብዙዎቹ በውስጣቸው ብሮውዘር የያዙ ናቸው። ይህንን ለማድረግ ከሚያገለግሉ መሣሪያዎች አንዱ ኤሌክትሮን ይባላል፤ እ.አ.አ በ2013 በጊትሃብ የተጀመረ ሲኾን የታወቀው የመልዕክት መለዋወጫ ስላክ የኮምፒውተር መተግበሪያም የተሠራው በእሱ ነው። እንዲህ ያሉት በራሳቸው መስኮት ስለሚከፈቱና ማሳሰቢያ ስለሚያሳዩ ለአጠቃቀም ይመቻሉ። መረጃቸው ኢንተርኔት ላይ ብቻ ከተቀመጠ ግን ኔትወርክ ሲጠፋ ከብሮውዘር የተሻሉ አይደሉም።

ለመለየት ቀላል ፈተና አለ። ፕሮግራሙን ይዝጉ፤ ዋይፋዩን ያጥፉ ወይም የኢንተርኔት ገመዱን ይንቀሉ። ከዚያም ፕሮግራሙን መልሰው ይክፈቱ፤ አንድ አዲስ ተግባር ጽፈው ያስቀምጡ፤ ዘግተውም እንደገና ይክፈቱ። የጻፉት ካለ ፕሮግራሙ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ይህ ፈተና መደረግ ያለበት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነው።

ያለ ኢንተርኔት ከሚሠሩትና በነጻ ከሚገኙት መካከል ጋንትፕሮጀክትና ፕሮጀክትሊብሬ ይጠቀሳሉ። የመጀመሪያ ዕትሙ እ.አ.አ በ1984 የወጣው ማይክሮሶፍት ፕሮጀክትም ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ዓይነት አለው፤ ኾኖም ክፍያ ይጠይቃል። የተግባራቱ ቁጥር ከዐሥር ወይም ከዐሥራ አምስት ካልበለጠ በኤክሴል ወይም በነጻ በሚገኘው ሊብሬኦፊስ ካልክ የተዘጋጀ ተራ ሰንጠረዥም ይበቃል።

የቀን አቆጣጠሩን ልብ ይበሉ

እነዚህ ፕሮግራሞች የሚቆጥሩት በጎርጎሮሳውያን የዘመን አቆጣጠር ነው። ኅዳር 15 የሚዘራን ስንዴ “15/3” ብሎ ያስገባ ሰው ፕሮግራሙ ማርች 15 ብሎ ይረዳበታል። ይህም በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ መጋቢት 6 ነው፤ የዘር ቀን ወደ አጨዳ ወቅት ተሻገረ ማለት ነው። ትክክለኛው ቀን አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 24 ነው። ጳጉሜን 6 ቀን ከኾነችበት ዓመት በኋላ በሚመጣው ኅዳር ግን በአንድ ቀን ይገፋል። ስለዚህ ቀኑን ካስገቡ በኋላ የኢትዮጵያን ቀን ከተግባሩ ስም ጎን በጽሑፍ ማስቀመጥ ስህተትን ይከላከላል። ሥራ የማይሠራባቸውን የበዓላት ቀናትም አስቀድሞ በፕሮግራሙ መመዝገብ ይገባል።

ፋይሉ አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥ

የሚጫነው አማራጭ ትልቁ አደጋ ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ወይም ሲሰረቅ ዕቅዱ አብሮ መጥፋቱ ነው። ለዚህም ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ፋይሉን በፍላሽ ገልብጦ ከቢሮው ውጪ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ኢንተርኔት ሲገኝ በኢሜይል መላክም ይቻላል። ፍላሽ ቫይረስ ሊያስተላልፍ ስለሚችል በየቦታው የሚዞር ሳይኾን ለዚሁ ሥራ ብቻ የተለየ ይኹን። የመጫኛ ፋይሉም ከፕሮግራሙ ባለቤት ገጽ እንጂ ከማይታወቅ ምንጭ አይወሰድ።

ሁለተኛው አደጋ የቅጂዎች መለያየት ነው። ሊቀ መንበሩ አንዱን፣ ጸሐፊው ሌላውን ካስተካከሉ ትክክለኛው የቱ እንደኾነ አይታወቅም። ስለዚህ ፋይሉን የሚያስተካክል አንድ ሰው ይወሰን፤ በፋይሉ ስም ላይም የተስተካከለበት ቀን ይጻፍ።

ታዲያ የቱ ይመረጥ? በተለያየ ቦታ ያሉ ብዙ ሰዎች በየሰዓቱ የሚያስተካክሉት ዕቅድ ከኾነና ኔትወርኩ አስተማማኝ ከኾነ በብሮውዘር የሚሠራው ይሻላል። ዕቅዱን የሚይዘው አንድ ቢሮ ከኾነና ኔትወርኩ የሚቆራረጥ ከኾነ ግን ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ይመረጣል።

በሁለቱም በኩል አንድ ነገር አይዘንጋ። አብዛኛው የማኅበር አባል ኮምፒውተር የለውም። የሳምንቱ ሥራ በየሳምንቱ ታትሞ በማኅበሩ ደጃፍ ቢለጠፍና በስብሰባ ላይ ቢነበብ፣ ኔትወርክም መብራትም በጠፋበት ጠዋት አካፋ ይዞ የመጣ አርሶ አደር ወደ የትኛው ቦይ እንደሚሄድ ያውቃል።