ሰኞ ማታ ያኳረፈን ጌም

በእኛ ቤት ሰኞ ማታ የቤተሰብ ናት። እሁድ በአገልግሎት ያልፋል፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ደግሞ ስልኩ ፋታ አይሰጥም። ባለቤቴ ከ13 ዓመቱ ልጃችን ጋር ረጋ ብሎ የሚቀመጥባት ምሽት ይህቺው አንዲት ናት። ልጃችን ሰሞኑን ዝምታ አብዝቷል። ስለዚህ አባቱ «በወጣትነቴ የምወደውን ጌም ላሳየው» ብሎ ሲነሣ ደስ አለኝ። ቡናዬን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

ጌሙ ሲድ ማየርና ብሩስ ሼሊ የነደፉት፣ ማይክሮፕሮዝ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው «ሲቪላይዜሽን» ነው። ተጫዋቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4000 ዓመት በሰፋሪዎች ይጀምራል፤ ከተማ ይቆረቁራል፣ መንገድ ያወጣል፣ ዕውቀት ያዳብራል፣ ከጎረቤት ጋር ይዋጋል ወይም ይታረቃል። ሲሰሙት ደስ ይላል። ሲጫወቱት ግን ሌላ ነገር ነው።

በከንቱ የለማ መሬት

ልጃችን ከተማውን ካቆመ በኋላ ሰፋሪዎቹ ሣራማውን መሬት በመስኖ እንዲያለሙ አዘዘ። ብዙ ተራ ጠበቀ። መስኖው ተሠራ፤ ምግቡ ግን ምንም አልጨመረም። «አባዬ፣ ለምን?» ሲል ጠየቀ። ባለቤቴ ዘንግቶታል። «ዝም ብለህ ቀጥል፣ በኋላ ይገባሃል» አለው። ቆይቶ ከተማው በዐመፅ ታመሰ። አሁንም «ለምን?»፤ አሁንም «ቀጥል»።

በሦስተኛው ሰኞ ስንት ደክሞ የሠራውን ዘመናዊ የጦር መርከብ በኮረብታ ላይ ወዳለች ከተማ ላከ። የሚጠብቋት ፋላንክስ የሚባሉ ጥንታዊ ባለ ጦር እግረኞች ብቻ ነበሩ። የሰጠመው መርከቡ ነው! ልጁ ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋ። ባለቤቴም «የዛሬ ልጆች ትዕግሥት የላቸውም» ብሎ አኮረፈ። ያቺ አንዲት ምሽት እንዲህ አለፈች።

ጥፋቱ የማን ነው?

እንደ እውነቱ ከሆነ እኔም አንዳች አልገባኝም ነበር። በማግስቱ የጌሙን መመሪያ ፈልጌ አነበብሁ። ለካስ በመጀመሪያው የአምባገነን አገዛዝ ዘመን፣ 3 ወይም ከዚያ በላይ ምርት ከሚሰጥ ቦታ ላይ 1 ይቀነሳል። ሣራማው መሬት 2 ምግብ ይሰጣል፤ በመስኖ 3 ይሆናል፤ ወዲያው 1 ይቀነስና ተመልሶ 2! ልጁ የለፋው ስክሪኑ ላይ ባልተነገረው ሕግ ሥር ነበር። ዐመፁም ምክንያት ነበረው፦ ከተማ ባደገ ቁጥር ቅር የሚሰኘው ሕዝብ ይበዛል፤ ቤተ መቅደስ የመሳሰለ ካልተሠራለት ይነሣል።

መርከቡስ? የማጥቃት ኃይሉ 18 ነው፤ የፋላንክስ የመከላከል ኃይል 2። ነገር ግን ምሽግና ኮረብታ ለተከላካዩ ይጨምሩለታል። ከሁሉ በላይ ውጊያው በአንድ ግጥሚያ ያልቃል፤ መቍሰል የለም፣ የተሸነፈው ይጠፋል። ዕድል ከከዳ ትልቁም ይሰጥማል። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ሁለተኛው «ሲቪላይዜሽን» ላይ የጉዳት መጠን ተጨምሮ ይህ ተሻሻለ። እንግዲህ የልጃችን ቅሬታ ተገቢ ነበር ማለት ነው።

የዚያን ዘመን ጌሞች በካርቶን፣ ከወፍራም መጽሐፍ ጋር ይሸጡ ነበር። አስተማሪው መጽሐፉ ነው። እንዲያውም «ሲቪላይዜሽን» በመሐል ቆም ብሎ መልሱ መጽሐፉ ውስጥ ያለ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር፤ ጌሙ የተገዛ መሆኑን ለማረጋገጥ። ዛሬ ብዙዎቹ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ መጽሐፉ ይቀራል፤ ተማሪው ያለ አስተማሪ ይቀመጣል።

ሁሉም ውስብስብነት ግን በመጽሐፍ አይፈታም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው «ማስተር ኦፍ ኦሪዮን 3» ፕላኔቶቹን ለራሳቸው ገዥዎች አስረክቦ፣ ተጫዋቹን በቁጥርና በሰንጠረዥ ብዛት አሰልችቷል ተብሎ ተተችቷል። የእኛን ገበጣ አስቡ፦ ሕጉን ሕፃን ልጅ ከአያቱ ጎን ተቀምጦ ይለምደዋል፤ ብልሃቱ ግን ዕድሜ ልክ አያልቅም። ጥልቀት ሌላ ነው፤ መወሳሰብ ሌላ ነው።

እኛ ምን አደረግን?

1. ባለቤቴ ከመቀመጣቸው በፊት መመሪያውን አነበበ። ዋና ዋናዎቹን ሕጎች በአንድ ወረቀት ጽፈን ከኮምፒውተሩ አጠገብ ለጠፍን።

2. «ቀጥል» የሚለውን መልስ ተውን። የማናውቀውን «አላውቅም፣ አብረን እንፈልግ» እንላለን።

3. የማቆሚያ ሰዓት ወሰንን። ይህ ጌም «አንድ ተራ ብቻ» እያሰኘ ሌሊቱን ያጋምሳል።

4. ካልተስማማን እንተወዋለን። የተፈለገው ምሽቱ እንጂ ጌሙ አይደለም።

በቀጣዩ ሰኞ ልጃችን አገዛዙን ወደ ንጉሣዊ ለወጠ። ከዚያም «እማዬ፣ ነይ እዪ! ምግቡ ጨመረ!» ብሎ ጮኸ። ለወራት ያልሰማሁት ድምፅ ነበር። አባቱም «ያን ቀን ልክ ነበርህ» አለው።

ውድ ባለ ትዳሮች፣ በየቤታችን እንዲህ ያሉ ያልተነገሩ ሕጎች ስንት አሉ? እኔ በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት ባለቤቴ ዝም ሲል ተቈጣ ብዬ ስጨነቅ እከርም ነበር፤ ለካስ ደክሞት ነው። አንድም ቀን አልነገረኝም፤ አንድም ቀን አልጠየቅሁትም። ዛሬ ማታ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ፦ «አንተ ሳትነግረኝ፣ እኔ ሳላውቀው የምለፋበት ሕግ ይኖር ይሆን?»