ለንደን–አዲስ አበባ፦ የበረራው ሰዓትና የቀኑ ሒሳብ

ከለንደን አዲስ አበባ በአየር 5,900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቀጥታው በረራ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ለዜግነት የሚያመለክቱ ከሆነ ግን የሚቆጥሩት ሰዓቱን ሳይሆን ቀኑን ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. በወጣው የብሪታንያ የዜግነት ሕግ መሠረት፣ ከማመልከቻው በፊት ባሉት 5 ዓመታት ከአገር የወጡበት ጊዜ ከ450 ቀን፣ በመጨረሻው ዓመት ደግሞ ከ90 ቀን መብለጥ የለበትም። የብሪታንያ ዜጋ ላገባ 3 ዓመትና 270 ቀን ነው፤ የ90 ቀኑ ገደብ ግን ያው ነው።

ሆም ኦፊስ የሄዱበትንና የተመለሱበትን ዕለት ከሒሳቡ አያስገባም። ጁላይ 1 ማታ ተሳፍረው ጁላይ 31 ጠዋት ለንደን ቢገቡ የሚቆጠርብዎ 29 ቀን ነው። ገደቡ ካለፈ ማመልከቻው ሊወድቅ፣ የከፈሉትም አብዛኛው ገንዘብ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ለለቅሶም ሆነ ለንግድ ትኬት ሲቆርጡ ቀኑን መዝግበው ይያዙ፤ የቆየውንም ትኬት እንደ ደረሰኝ ያስቀምጡት።