ተለማማጁን የሚጠብቀው የገንዘብ ደንብ

በእንግሊዝ አገር በሙያ ኮሌጅ ወይም በግል አሠልጣኝ ተቋም የሠራ ሰው የአፕረንቲስሺፕ (እየሠሩ የመማር ተለማማጅነት) የገንዘብ ደንብ ሲነሳ ፊቱ ይጠቁራል። በየዓመቱ የሚታደስ፣ በቁጥር በቁጥር የተደረደሩ አንቀጾች የታጨቁበት ሰነድ ነው። አብዛኛው አሠልጣኝ የኦዲተር ዱላ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን እወደዋለሁ። የምወደው እንጀራዬ የሰልጣኞችን ማስረጃ ማገላበጥ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እየሠራ የሚማር ወጣት ከአለቃው ጋር ሲከራከር ከጎኑ የሚቆምለት ከዚህ ሰነድ የበረታ ነገር ስላላየሁ ነው።

መሠረቱ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2017 ጀምሮ ዓመታዊ የደመወዝ ወጪው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሆነ አሠሪ የዚያን ወጪ 0.5 ከመቶ መዋጮ ይከፍላል፤ ከዚህም ላይ 15,000 ፓውንድ ይቀነስለታል። መዋጮው ለሠራተኞቹ ሥልጠና በሒሳቡ ይቀመጥለታል። ለአነስተኛ አሠሪ ደግሞ አብዛኛውን ወጪ መንግሥት ይሸፍንለታል። አሠልጣኙ ከተስማማበት ዋጋ 80 ከመቶው በሥልጠናው ወራት ተከፋፍሎ ይደርሰዋል፤ ቀሪው 20 ከመቶ ተለማማጁ እስኪጨርስ ድረስ ይያዛል። ተቋሙ የእያንዳንዱን ሰልጣኝ መረጃ በየወሩ ለመንግሥት ይልካል፤ ክፍያውም የሚሰላው ከዚያው መረጃ ነው። ይህን ሁሉ ይቆጣጠር የነበረው ኤጀንሲ በማርች 2025 ተዘግቶ ሥራው ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተዛውሯል።

የደንቡ ልብ ያለው ግን ስለ ሥልጠና ሰዓት በሚናገረው ክፍል ነው። በ2017 የወጣው ደንብ ተለማማጁ ከሥራ ሰዓቱ ቢያንስ 20 ከመቶውን ለትምህርት እንዲያውል ያዝ ነበር። ከኦገስት 2022 ጀምሮ በሳምንት 30 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚሠራ ሰው በአማካይ 6 ሰዓት ሆነ። ከኦገስት 2025 ወዲህ ለሚጀምሩት ደግሞ ለየሙያው ዝቅተኛው የሰዓት ድምር ተቆርጦ ወጥቷል፤ የሥልጠናው ዝቅተኛ ቆይታም ከ12 ወር ወደ 8 ወር ወርዷል። ቁጥሩ ቢለዋወጥም ሐሳቡ አንድ ነው፤ ተለማማጅ የሚማረው ደመወዝ በሚከፈልበት ሰዓት ነው።

ይህችን አንዲት ነጥብ የማያበላሽ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። አንዳንዱ አሠሪ ሥልጠና ማለት ተለማማጁን በሳምንት አንድ ቀን ከሥራ ቦታው ማጣት ይመስለውና ገና ሳይጀምር ይሸሻል። ደንቡ ስለ ቦታ አይደለም። ተለማማጁ የዘወትር ሥራውን አቁሞ ለሙያው የሚያስፈልገውን አዲስ ዕውቀትና ክህሎት እስከተማረ ድረስ እዚያው ወጥ ቤት፣ እዚያው ዎርክሾፕ ውስጥ ሊሆን ይችላል። የሠለጠነ ባልደረባን ተከትሎ አሠራሩን መመልከት ይቆጠራል፤ አዲስ ማሽን አምጥቶ የሚያሳየው ፋብሪካ የሚሰጠው ሥልጠና ይቆጠራል፤ የተሰጠውን የጽሑፍ ሥራ የሚሠራበት ሰዓትም ይቆጠራል። የማይቆጠረው የእንግሊዝኛና የሒሳብ መሠረታዊ ትምህርት፣ የዕድገት ግምገማ ስብሰባና የመጨረሻው ፈተና ነው። ተለማማጁ ቀድሞ የሚያውቀውን ደግሞ ማስተማርም አይቻልም። ከመጀመሪያው ዕውቀቱ ተመዝኖ ሰዓቱም ዋጋውም መቀነስ አለበት። ዓመታት ወጥ የሠራን ሰው ሽንኩርት አከታተፍ አስተምሬያለሁ ብሎ የሕዝብ ገንዘብ መውሰድ አይፈቀድም።

ሌላው ስህተት ይብሳል። በለንደን በአረጋውያን መንከባከቢያ የምትሠራ አንዲት እህታችን ከቅዳሴ በኋላ ጠርታኝ፣ «ጋሼ፣ ትምህርቱን ቤትሽ በማታ ጨርሺው ተብያለሁ፤ ፈረቃዬ ስለማይፈቅድ ነው አሉኝ» አለችኝ። ልጇን አስተኝታ እስከ እኩለ ሌሊት ስትጽፍ ከርማለች። «እስቲ የፈረምሽውን የሥልጠና ዕቅድ አምጪው» አልኳት። ዕቅዱ ላይ ተለማማጇ፣ አሠሪውና አሠልጣኙ ሦስቱም ፈርመዋል፤ ሰዓቱም በሥራ ሰዓት ውስጥ እንደሚሰጥ ተጽፏል። ከሥራ ሰዓት ውጪ መማር የሚቻለው እሷ ራሷ ስትስማማ ነው፤ ያም ሆኖ በክፍያ ወይም በዕረፍት ሰዓት ይካካስላታል። ወረቀቱን ይዛ አሠልጣኟን አነጋገረች፤ ፈረቃዋ ተስተካከለ። እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው፣ ዕቅዱንም ተቀብላ ነበር፤ ግን አንብቦ የሚያስረዳት አልነበረም። በዚህ አሠልጣኞችን እወቅሳለሁ። ዕቅዱን ለማስፈረም ብቻ እየሮጡ አንብቦ ማስረዳትን ይተዋሉ።

ሰዓት መመዝገቢያ ላይ የሚታይ ግድየለሽነትም ያናድደኛል። የሃያ ሰው መዝገብ ላይ በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር የሚለጥፍ አሠልጣኝ አለ። ከሐሙስ እስከ ሐሙስ ያልተሞላ ቅጽ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈርም ተለማማጅም አለ። ኦዲተር ጥቂት መዝገቦችን መርጦ ያያል፤ ሥልጠናው መሰጠቱን የሚያሳይ ማስረጃ ሲያጣ የተከፈለው ገንዘብ ይመለሳል። ባልተሞላ ቅጽ ላይ ፊርማህን ስትሰጥ ያልተማርከውን ሰዓት ተማርኩ ማለትህ ነው፤ በኋላ ሥልጠና ጎደለብኝ ብትል ያንኑ ወረቀት ያወጡብሃል። ስለዚህ የተማርከውን በራስህ ቃል፣ በዕለቱ ጻፈው። ሁለት መስመር ይበቃል።

እዚህ ላሉ ወገኖቻችን ሦስት ነገር ልጨምር። ከአገር ቤት ዲግሪ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ዲግሪያችሁ በሩን አይዘጋም። የምትማሩት ሙያ ካላችሁ ዕውቀት በእርግጥ የተለየ ከሆነ በዚያው ደረጃ ወይም ከዚያ ዝቅ ባለ ደረጃ መጀመር ይቻላል። ሁለተኛ፣ ብዙ አመልካቾች መጀመሪያ ሦስት ዓመት እዚህ አገር የመኖር መስፈርት ይጠየቃሉ፤ የስደተኝነት ዕውቅና የተሰጠው ሰው ግን እሱን መጠበቅ የለበትም፤ መዝጋቢው ካላወቀ የመኖሪያ ማረጋገጫችሁን አሳይታችሁ የደንቡን አንቀጽ እንዲያይ ጠይቁት። ሦስተኛው የገንዘብ ነው። ተለማማጅ ለሥልጠናውም ሆነ ለመጨረሻው ፈተና አንድ ሳንቲም እንዲከፍል አይጠየቅም፤ መሐል ላይ አቋርጦ ቢወጣም አሠሪው ያወጣውን የሥልጠና ወጪ ከደመወዙ ሊቆርጥበት አይችልም። በቅጥር ውላችሁ ላይ እንዲህ የሚል መስመር ካገኛችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ለአሠልጣኙ ተቋም አሳዩት፤ ይህ በደንቡ የተከለከለ ስለሆነ ተቋሙ ዝም ብሎ ሊያልፈው አይገባም።